የቀድሞ ስፔስ ሮክ አልበሞች በድጋሚ ሲታተሙ የቱን እንግዛ?

ስፔስ ሮክ የጠፈር ጉዞ ስሜት የሚሰጥ የሮክ ሙዚቃ ዓይነት ነው። ሽፋኑ ላይ «ሪማስተርድ» ስለተባለ ብቻ ገንዘባችሁን አታውጡ። ድምፁ እንደገና ተሠርቷል ማለት እንጂ በደንብ ተሠርቷል ማለት አይደለም። እኔ መጀመሪያ የማየው ከምን እንደተገለበጠ ነው። ከዋናው ማስተር ቴፕ፣ ማለትም አልበሙ ተጠናቆ ከተቀዳበት የመጀመሪያ ቴፕ? ከቅጂ? ወይስ ከሲዲ? ጠንቃቃ አሳታሚ ይህንን በግልጽ ይጽፋል፤ ማስተሩን የሠራውንም ሰው በስም ይጠቅሳል። ምንም ካልተጻፈ እኔ አልገዛም።

ቀጥሎ ሞኖ (ሁለቱም ጆሮ አንድ ድምፅ የሚሰማበት) ነው ስቴሪዮ (የግራውና የቀኙ ድምፅ የሚለይበት) የሚለውን እዩ። የፒንክ ፍሎይድ ባንድ የመጀመሪያ አልበም፣ የ1967ቱ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) «ዘ ፓይፐር አት ዘ ጌትስ ኦፍ ዶውን»፣ በሁለቱም ሚክስ (የድምፆች ቅንብር) ወጥቷል። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። «ኢንተርስቴላር ኦቨርድራይቭ» ሊያልቅ ሲል ስቴሪዮው ላይ ድምፁ ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው ይመላለሳል፤ በኢርፎን ስትሰሙት ያዞራል። ሞኖው ላይ ግን ሁሉም ተሰብስቦ ፊት ለፊት ይመጣል። እኔ ሞኖውን እመርጣለሁ፤ ከበሮውና ቤዙ አብረው ይገፋሉ። ለጀማሪ ግን የ2007ቱን የ40ኛ ዓመት እትም እመክራለሁ፤ ሁለቱንም ይዟል። በ1967 አሜሪካ የወጣው እትም ዘፈኖቹ የተለዩ ናቸው። «አስትሮኖሚ ዶሚኔ» እንኳን የለበትም። ስለዚህ ጀርባውን ሳታነቡ አትክፈሉ።

የሆክዊንድ ባንድን የ1971 አልበም «ኢን ሰርች ኦፍ ስፔስ»ን ስትገዙ ደግሞ የመጀመሪያውን ዘፈን በደንብ ስሙት። ወደ 16 ደቂቃ የሚጠጋ ነው። ድምፁ ከሩቅ ጀምሮ ቀስ እያለ ነው የሚያድገው። ገና ከመነሻው የሚጮህ ከሆነ ማስተሩን ከልክ በላይ ጨምቀውታል፣ ማለትም ዝቅ ያለውንና ከፍ ያለውን ድምፅ እኩል አድርገውታል፤ ያ ሁሉ ጉዞ ጠፋ ማለት ነው። ባርኒ ባብልስ የነደፈው ሽፋን እየተከፈተ የሚዘረጋ ነው፤ ከመጀመሪያው እትም ጋር አንድ ትንሽ መጽሐፍም ነበረ። ሁለቱንም አሟልቶ ያወጣ አሳታሚ ትንሽ ቢያስወድድም አይቆጨኝም።

ተጨማሪ ዘፈኖች ሲዲ ላይ ችግር የለባቸውም። የሆክዊንድን የ1972 ዘፈን «ሲልቨር ማሽን»ን በዚሁ አልበም የ1996 ሲዲ ላይ ታገኙታላችሁ። ሸክላ ላይ ግን አንዱ ገጽ ከ25 ደቂቃ ካለፈ ጥርጣሬ ይግባችሁ፤ መስመሮቹ ስለሚጣበቡ ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ቤዙም ይሳሳል።

አዲስ ሸክላ ስታጫውቱ የመርፌውን ክንድ ከላይ ሆናችሁ እዩት። በየዙሩ ወደ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ የመሃሉ ቀዳዳ ቦታውን ስቷል። ሌላ ዓይነት ሙዚቃ ላይ ላታስተውሉት ትችላላችሁ። እዚህ ግን አንድ የኦርጋን ድምፅ ለረጅም ጊዜ ስለሚያዝ መዋዠቁ ወዲያው ይሰማል። እንዲህ ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ መልሱትና ሌላ ይቀይሩላችሁ።