ፒያኖው እየተቆራረጠ ላስቸገራችሁ፦ ችግሩ ዲስኩ ነበር

ሙዚቃ የምሠራበት ላፕቶፕ ላይ ትልቁን የፒያኖ ሳምፕል (ከእውነተኛ ፒያኖ የተቀዱ ድምፆች ስብስብ) ስከፍት፣ በተለይ ፔዳሉን ረግጬ ስጫወት፣ ድምፁ ጠሽ ጠሽ ይልና ቀጥ ይላል። ሲፒዩው ግን 30 ፐርሰንት እንኳ አይሞላም።

በፈሩን (ድምፁ ከመውጣቱ በፊት ኮምፒውተሩ የሚያጠራቅመውን መጠን) ከ256 ወደ 1024 አሳደግኩት። ለውጥ የለም፣ ጭራሽ ቁልፉን ነክቼ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል። ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫንኩ። ሁለት ቀን በከንቱ! በኋላ ታስክ ማናጀርን ስከፍት ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሏል። በደቂቃ 5400 ዙር የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው፤ ከየቦታው ትንንሽ ሳምፕል እየለቀመ በሰዓቱ ማድረስ አይችልም።

ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ልግዛ ብዬ ደግሞ ተሸወድኩ። ኤም.2 ኤንቪኤምኢ (በራሱ ቀዳዳ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ ስስ ኤስኤስዲ) ይዤ መጣሁ፣ ክዳኑን ስፈታ ላፕቶፔ የኤም.2 ቀዳዳ ጭራሽ የለውም። መጀመሪያ መፍታት ነበረብኝ።

የሠራው ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ (በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ቦታና መሰኪያ የሚገባ) ነው፣ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር፣ 1 ቴራባይት። በሰከንድ 550 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚያነበው፣ ኤንቪኤምኢ በብዙ እጥፍ ቢበልጠውም ለሳምፕል ይሄ ይበቃል። በዩኤስቢ አስማሚ ሰክቼ አሮጌውን በክሎንዚላ (ዲስክ የሚገለብጥ ፕሮግራም) እንዳለ ገለበጥኩት (አዲሱ ከአሮጌው ማነስ የለበትም)፣ ከዚያ አራት ብሎን ፈትቼ ቀየርኩ። በፈሩን ወደ 128 አወረድኩት፣ ፔዳሉን እንደፈለግኩ እረግጣለሁ። አሮጌው አሁን ባክአፕ ነው።