ከደሴ ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ፦ መጀመሪያ ገንዘቡን፣ ከዚያ ወረቀቱን

ቅዳሜ ጠዋት ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለች አንዲት ሻይ ቤት ላፕቶፔን ይዤ እቀመጣለሁ። ደሴ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። የመጀመሪያ ዲግሪዬን አሜሪካ በሙሉ ስኮላርሺፕ ተምሬ ተመልሻለሁ። ይሄን የሰማ ተማሪ ሁሉ ይመጣል፤ ከሆጤና ከወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤቶች፣ ከኮምቦልቻም ሚኒባስ ተሳፍረው የሐረጎን ዳገት ወጥተው የሚመጡ አሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «የቱ ዩኒቨርሲቲ ይሻለኛል?» እኔም ሁሌ በጥያቄ ነው የምመልሰው፦ «ቤተሰብሽ በዓመት ስንት መክፈል ይችላል?»

ብዙዎቹ ይሄን ስጠይቃቸው አንገታቸውን ይደፋሉ። ማፈር አያስፈልግም። አሜሪካ ለመማር ያሰበ ሰው ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት ይሄንኑ ቁጥር ነው። ስም ካላቸው የግል ዩኒቨርሲቲዎች ብዙዎቹ ምግብና መኝታን ጨምሮ በዓመት ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃሉ፤ ይሄን ደግሞ ሰኞ ገበያ ሱቅ ያለው አባት ቀርቶ ፎቅ ያለውም አይችለውም። ስለዚህ አድሚሽን ማግኘት ብቻውን የትም አያደርስም። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ከአንድ የስቴት (የመንግሥት) ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ መጣለት። ሰፈሩ ሁሉ እንኳን ደስ አለህ ብሎታል፣ እናቱ ዱዓ ላስደርግ እያሉ ነው። ደብዳቤውን ሳየው ስኮላርሺፑ በዓመት 8 ሺህ ዶላር ነው። ቀሪው 35 ሺህ የቤተሰብ ነው። ለእናቱ እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው ነበር የጨነቀኝ።

ማን ነው የሚከፍለው?

የስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ለውጭ ተማሪ በመጀመሪያ ዲግሪ ሙሉ ወጪ የሚሸፍኑት ከስንት አንዴ ነው። ተስፋው ያለው የግሎቹ ጋ ነው። ከእነሱ ውስጥ «ቤተሰብ የሚችለውን ይክፈል፣ የጎደለውን እኛ እንሞላለን» የሚሉ አሉ። እነዚህም ሁለት ዓይነት ናቸው። «ኒድ ብላይንድ» የሚባሉት ተማሪ ሲመርጡ ገንዘብ ይኑራችሁ አይኑራችሁ አያዩም። ለውጭ ተማሪም እንዲህ የሚያደርጉት ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ ዳርትማውዝ፣ አምኸርስትና ጥቂት ሌሎች ናቸው። «ኒድ አዌር» የሚባሉት ገንዘብ መጠየቃችሁን ያያሉ፣ ስለዚህ ውድድሩ ይጠብቃል፤ ግን እንደ ዊልያምስ፣ ስዋርትሞርና ማካሌስተር ያሉት አንዴ ከተቀበሏችሁ የጎደለውን በሙሉ ይሸፍናሉ። ኬንታኪ ያለው ቤሪያ ኮሌጅ ደግሞ ከነጭራሹ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፤ ተማሪው በሙሉ እዚያው ግቢ ውስጥ እየሠራ ነው የሚማረው።

እዚህ ላይ ከወላጅ ጋር የሚያጋጭ አንድ ቃል አለ። ኮሌጅ። እኛ ጋ ኮሌጅ ሲባል ዩኒቨርሲቲ ያልደረሰው ልጅ የሚገባበት ነው የሚመስለው። አንድ አባት «ልጄ 12ኛን እንዲህ ባለ ውጤት አልፎ ኮሌጅ ይግባ ትለኛለህ?» ብለው ተቆጥተውኛል። በእኛ አነጋገር ልክ ናቸው። አሜሪካ ግን እነዚህ «ሊበራል አርትስ» የሚባሉት ኮሌጆች የአራት ዓመት ዲግሪ የሚሰጡ፣ በአንድ ክፍል ትንሽ ተማሪ የሚያስተምሩ፣ አንዳንዶቹም ለመግባት ከብዙ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የሚከብዱ ናቸው። ለአባት ስታስረዱ «ዲግሪው ያው ዲግሪ ነው፣ ክፍያውን ደግሞ እነሱ ይችሉታል» ብላችሁ ጀምሩ። እኔም ለአባቴ እንዲያ ነው ያስረዳሁት።

የገንዘብ ማስረጃውን የምትሞሉት ብዙ ጊዜ «ሲኤስኤስ ፕሮፋይል» በሚባል ፎርም ነው። የቤተሰብ ገቢ፣ ቤት፣ መሬት፣ ከብት፣ ሁሉም ይጠየቃል። እውነቱን ጻፉ። አባት ነጋዴ ከሆነ የግብር ወረቀት፣ ደመወዝተኛ ከሆነ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አውጡ፣ በእንግሊዝኛም አስተርጉሙ። ፎርሙ ራሱ በዶላር ያስከፍላል፤ ለኮሌጁ በኢሜል «መክፈል አልችልም» ብላችሁ ጠይቁ፣ ነፃ ኮድ የሚልኩ አሉ። የማመልከቻ ክፍያም እንዲሁ ይቅርልኝ ይባላል። በዶላር የሚከፍል ካርድ የለኝም ብሎ የቀረ ጎበዝ ልጅ ስላየሁ ነው አጥብቄ የምናገረው። ጠይቁ፣ መጠየቅ ነውር አይደለም።

መቼ ይጀመር?

11ኛ ክፍል ላይ። 12ኛን ከጨረስኩ በኋላ የሚል ሰው አንድ ዓመት ቤት ይቀመጣል። በቶሎ የሚያመለክቱ የሚልኩት በእነሱ ኖቬምበር 1 ነው፣ በእኛ ጥቅምት 22 ገደማ። መደበኛው ጃንዋሪ 1 አካባቢ፣ ታኅሣሥ 23 ገደማ መሆኑ ነው። የመደበኛው መልስ የሚመጣው መጋቢት ውስጥ ነው። ትምህርቱ የሚጀምረው ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ስለሆነ ቪዛውን የምትሯሯጡት በክረምት ነው። ትልልቆቹን ሁለት ሦስት አድርጉ፣ ሌሎቹን የመግባት ዕድላችሁ ከሚሻልባቸው ምረጡ፤ በድምሩ አሥር አካባቢ ይበቃል። የአብዛኞቹ ማመልከቻ «ኮመን አፕ» በሚባል አንድ ድረ ገጽ ላይ ነው የሚሞላው።

ትራንስክሪፕት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ነው። የ12ኛን ፈተና ብቻ ይዞ የሚቀርብ አለ፤ እነሱ የሚያዩት የአራቱን ዓመት ውጤት ነው። ከትምህርት ቤቱ ስትቀበሉ ዓመተ ምሕረቱን ተመልከቱ። ወረቀቱ ላይ «2015» ብቻ ተጽፎ ከሄደ፣ እዚያ የተቀመጠው ሰው በራሱ አቆጣጠር ነው የሚያነበው፤ 9ኛ ክፍልን የጨረሳችሁት ሕፃን ሆናችሁ ይመስለዋል። «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ተብሎ ይጻፍበት፣ የፈረንጁም ከጎኑ ይቀመጥ፣ ማኅተሙም ከዚያ በኋላ ይረፍ። በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ትምህርት የተቋረጠባችሁ ወይም ከቤት የተፈናቀላችሁ ካላችሁ ደግሞ ማመልከቻው ላይ «ተጨማሪ መረጃ» የሚል ቦታ አለ። መቼ እንደተዘጋ፣ መቼ እንደተመለሳችሁ፣ የቱ ውጤት እንደተበላሸ በአራት ዐረፍተ ነገር ጻፉት። ካልተጻፈ የሚያውቅላችሁ የለም።

ስም

ለዚህ ለብቻው ቦታ የሰጠሁት ብዙ ልጅ ስላስለቀሰ ነው። ባለፈው መስከረም የአንድ ልጅ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ደረደርን። የአባቱ ስም መሐመድ ነው። ፓስፖርቱ ላይ በ«ሞ» ይጀምራል፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ በ«ሙ»፣ የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬቱ ላይ ደግሞ መካከል ያለው «ኤም» አንድ ብቻ ሆኗል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተር ሦስት ሰው ነው። ፓስፖርት መጀመሪያ አውጡ፣ ደሴ ላይ ቅርንጫፍ አለ። ከዚያ ሌላውን ሁሉ በፓስፖርቱ ፊደል አስተካክሉ፤ ፈተና ስትመዘገቡም፣ ፎርም ስትሞሉም፣ ኢሜል ስትከፍቱም። «የቤተሰብ ስም» ሲሏችሁ የአባት ነው የአያት የሚለውንም ፓስፖርቱ እንዳስቀመጠው አድርጉት። አንዴ ከያዛችሁ አትቀያይሩ።

ፈተናዎች

ለእንግሊዝኛ ቶፍል፣ አይኤልትስ ወይም ዱኦሊንጎ ነው። ለእኛ አመቺው ዱኦሊንጎ ነው፤ ዋጋው ከሌሎቹ በጣም ያነሰ ሲሆን አዲስ አበባ ሳትወርዱ ቤት ሆናችሁ በኮምፒውተር ትፈተናላችሁ። ኮሌጃችሁ እንደሚቀበለው ግን አስቀድማችሁ እዩ። ፈተናው አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ካሜራው አጠቃላይ እየቀረጻችሁ ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ከእናንተ ሌላ ሰው መታየት የለበትም። አንዲት ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለች ተማሪ ግማሽ ላይ ደርሳ እናቷ «ደከመሽ የኔ ልጅ» ብለው ቡና በስኒ ይዘው ገቡ። ውጤቱ ተሰረዘ። እናት ምን ያድርጉ? ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ቤተሰቡን በሙሉ ሰብስባችሁ ንገሩ፣ በሩንም ቆልፉት። ላፕቶፑ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ኢንተርኔቱም እንደማይቆራረጥ አስቀድማችሁ እዩ። ኤስኤቲ የሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና አሁን በኮምፒውተር ነው፣ ለእሱ አዲስ አበባ ትሄዳላችሁ። ብዙ ኮሌጆች አይጠይቁትም፤ እንደ ኤምአይቲና ሃርቫርድ ያሉት ግን ይጠይቃሉ። ካን አካዳሚ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ያለው መለማመጃ ነፃና በቂ ነው፣ ለአስጠኚ አትክፈሉ።

ሪከመንዴሽንና ጽሑፉ

አስተማሪዎቻችን ጎበዞች ናቸው፣ ግን የሪከመንዴሽን (ስለ ተማሪው የሚመሰክር) ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ የነገራቸው የለም። አብዛኛው «ሥነ ምግባሩ ጥሩ ነው፣ በትምህርቱ ትጉ ነው» ብሎ ያበቃል። ይሄ ለማንም ይሆናል። የፊዚክስ አስተማሪያችሁ ጋ ሂዱና «ቲቸር፣ ያን ቀን ቤተ ሙከራ ውስጥ ሽቦው ሲቃጠል ያደረግኩትን ያስታውሱታል?» በሏቸው። አንድ ቀን፣ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ስህተት አስታውሷቸው። ደብዳቤውን ራሳችሁ ጽፋችሁ አታስፈርሙ። ደብዳቤውን እንዲያስገቡ የሚጠይቀው ግብዣ በኢሜል ስለሚሄድላቸው፣ ኢሜል የማይከፍቱ ከሆነ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ እንዴት እንደሚገባ አሳዩአቸው፣ የይለፍ ቃላቸውን ግን እሳቸው ይያዙት። ቀነ ገደቡ ሳይደርስ ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ ጠይቁ።

ማመልከቻው ላይ ስለ ራሳችሁ የምትጽፉት የግል ጽሑፍ ቢበዛ 650 ቃል ነው። ሁሉም ልጅ መጀመሪያ የሚያመጣልኝ «ሀገሬ ድሃ ናት፣ ተምሬ እለውጣታለሁ» የሚል ነው። ሐሳቡ ንጹሕ ነው፣ ግን እናንተን አያሳይም። አንድ ልጅ ከትምህርት መልስ ስልክ ይጠግን ነበር። ያሳየኝ ጽሑፍ ስለ ድህነት ነው። ቦርሳውን ሲከፍት አንድ ዘይት የነካው ደብተር ወደቀ። ምንድነው ስለው፣ የጠገነው ስልክ ሁሉ ብልሽት በቀን በቀኑ የተጻፈበት ነው፦ «ቻርጅ አይዝም፣ ባትሪው አይደለም፣ ሶኬቱ ዝጓል»፣ «ሁለተኛ ጊዜ መጣ፣ የመጀመሪያው ግምቴ ስህተት ነበር»። «ይሄን ጻፍ» አልኩት። ጻፈ። ስኮላርሺፑን ያገኘው በዚያ ጽሑፍ ብቻ ነው አልልም፣ እኔ ግን ያነበብኩት ምርጡ እሱ ነው።

ከትምህርት ውጭ ምን ትሠራላችሁ ለሚለውም ክለብ የለኝም ብላችሁ ባዶ አትተዉት። ማመልከቻው ላይ ለዚህ አሥር መስመር አለ። ሱቅ መዋል፣ ታናናሾችን ማስጠናት፣ አያትን ማስታመም፣ መድረሳ ወይም ሰንበት ትምህርት ቤት ማስተማር፣ ሁሉም ይቆጠራል። በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነ ጭምር ጻፉ።

ደላላ

አሜሪካ እልካለሁ ለሚል ሰው ገንዘብ አትስጡ። የአክስቴ ልጅ ላይ ደርሷል። «አድሚሽንና ቪዛ በአንድ ላይ» ብሎ የተቀበላት ሰው የሰጣት ወረቀት ሐሰተኛ ነበር፣ አክስቴ ወርቋን ሸጣ ነው የከፈለችው። ኮሌጅም ኤምባሲም በደላላ አይሠራም። ምክር ከፈለጋችሁ አዲስ አበባ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ «ኤዱኬሽን ዩኤስኤ» የሚባል የምክር አገልግሎት አለው፣ ነፃ ነው።

ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ለፒኤችዲ ማስተርስ የግድ አይደለም፣ በመጀመሪያ ዲግሪ ቀጥታ ማመልከት ይቻላል። በተለይ በሳይንስና በምህንድስና ፒኤችዲ የሚማር ሰው ብዙ ጊዜ እያስተማረ ወይም ምርምር ላይ እየሠራ ክፍያው ተሸፍኖለት ወርኃዊ ገንዘብም ይቆረጥለታል። ለፕሮፌሰሩ ኢሜል ስትጽፉ ሥራቸውን አንብባችሁ በአምስት መስመር ጻፉ፤ ለሃምሳ ሰው አንድ ዓይነት ኢሜል መላክ የትም አያደርስም።

ቪዛው

ኮሌጁ ገንዘቡ መሟላቱን ሲያረጋግጥ ለቪዛ የሚያስፈልገውን «አይ-20» የሚባል ወረቀት ይልክላችኋል። ከዚያ ሴቪስ የሚባል የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ክፍያ 350 ዶላር ይከፈላል፤ ዘመድም ሆነ ሌላ ሰው ከውጭ ሆኖ ሊከፍልላችሁ ይችላል። የቪዛው ማመልከቻ 185 ዶላር ነው፣ ስትከፍሉ ያለውን ዋጋና ደንብ ግን ኤምባሲው ገጽ ላይ እዩ፣ በየጊዜው ይቀያየራል። «ዲኤስ-160» የሚባለው የቪዛ ማመልከቻ ፎርም ላይ ባለፉት አምስት ዓመታት የተጠቀማችሁበትን የሶሻል ሚዲያ አካውንት ሁሉ ይጠይቃል። አንዱንም አትደብቁ።

ቃለ መጠይቁ ጥቂት ደቂቃ ነው። ምን ትማራለህ፣ ለምን እዚያ ኮሌጅ፣ ማን ይከፍላል፣ ከዚያስ? ሕጉ ራሱ ተመልሳችሁ እንደምትመጡ አሳምኑ ይላል፤ ስለዚህ ለመመለስ ያላችሁን ምክንያት በራሳችሁ ቃል ተናገሩ። የተሸመደደ መልስ ወዲያው ይታወቃል። አብሽሩ፣ ዝም ብላችሁ እውነቱን አጠር አድርጋችሁ ተናገሩ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ መንገዱም የሚዘጋበት ቀን አለ። በቀጠሮው ዋዜማ አትነሱ። ሦስት ቀን ቀድማችሁ ውረዱ፣ አቅም ካለ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ሂዱ።

እዚያ ስትደርሱ ግቢ ውስጥ በትምህርት ሰዓት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይፈቀድላችኋል፣ ከግቢ ውጭ ያለ ፈቃድ መሥራት ግን ቪዛችሁን ያበላሻል። የሰው ጽሑፍ ምንጭ ሳይጠቅሱ መገልበጥ እዚያ ስርቆት ነው፣ ከትምህርት ያስባርራል። አስተማሪ ቢሮ ሄዶ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፣ ሰዓት ተመድቦለታል፣ ሂዱ። የጦሳ ተራራና የደሴ ብርድ ለምዶናል ብላችሁም ካፖርት ሳትይዙ አትሂዱ።

ትምህርቱ ከሚጀምርበት ቀን ከ30 ቀን በላይ ቀድማችሁ መግባት አይቻልም፣ ቲኬቱን በዚያ ልክ ቁረጡ። አይ-20ውን ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት፣ በእጃችሁ ያዙት፣ መግቢያው ላይ ይጠየቃል። እናታችሁ በርበሬና ሽሮ መቋጠራቸው አይቀርም፤ ምግብ ይዣለሁ ብላችሁ ለጉምሩኩ ራሳችሁ ቀድማችሁ ንገሩ።