የቤት መዋኛ ገንዳ ችግሮች፦ ምልክቱ፣ መነሻውና መፍትሄው

የቤት መዋኛ ገንዳ በሦስት መንገድ ይሠራል፦ በፌሮና በኮንክሪት፣ ከፋብሪካ ወጥ ሆኖ በሚመጣ የፋይበርግላስ ቅርፊት፣ ወይም ግድግዳ ቆሞ ውስጡን ፕላስቲክ ላይነር በማልበስ። ሻጭ ሁሉ የራሱን ያሞግሳል። እናንተ ግን እያንዳንዱ ሲበላሽ ምን እንደሚያሳይ ቀድማችሁ እወቁ። ገንዳው ያላችሁም ከዚሁ ትጀምራላችሁ።

ውሃው ይጎድላል

መጀመሪያ ትነት ይሁን ፍሳሽ ለዩ። ባልዲ ላይ የገንዳውን ውሃ ጨምሩና የገንዳው የመጀመሪያ ደረጃ ላይ አስቀምጡት፤ አፉ ከውሃው በላይ ይቅር። የውስጡና የውጪው ውሃ እኩል ከፍታ ላይ ሲሆኑ ባልዲውን በውስጥም በውጪም በማርከር ምልክት አድርጉበት። ገንዳውን በራሱ የሚሞላ ቧንቧ ካለ ዝጉት። በ24 ሰዓት እዩት። ሁለቱም እኩል ከወረዱ ትነት ነው፤ በሞቃትና ነፋሻማ ቀን ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ቢጎድል አይገርምም። የገንዳው ከባሰ ግን ያፈሳል።

ቀጥሎ ቦታውን መፈለግ ነው። ፓምፑን አጥፉ፣ ውሃው ይርጋ። የምግብ ቀለም በስሪንጅ ቅዱና የጠረጠራችሁት ስንጥቅ አጠገብ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ቀለሙ እንደ ክር ተስቦ ከገባ አገኛችሁት። ኮንክሪት ላይ ቅድሚያ ስኪመሩ (በውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ቆሻሻ የሚስበው አፍ) ከግድግዳው የሚገናኝበትን ዙሪያና የመብራቱን ቀዳዳ ፈትሹ። ፋይበርግላስ ከሆነ ቅርፊቱን ትታችሁ የቧንቧ መገጣጠሚያውን ጠርጥሩ። የላይነር ትንሽ ቀዳዳ ገንዳው ሳይደፋ፣ ውሃ ውስጥ በሚለጠፍ ጥጋን ይደፈናል።

ኮንክሪቱ ተሰነጠቀ

ልስኑ ላይ ብቻ ያለ፣ ፀጉር የሚያክልና የማያፈስ ስንጥቅ ልስኑ ሲደርቅ ተኮማትሮ የመጣ ነው። አትጨነቁበት። የሚሰፋና ውሃ የሚያሳልፍ ከሆነ ግን ነገሩ ከሥር ነው፦ እርጥበት ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ መረሬ አፈር፣ በደንብ ያልተጠቀጠቀ ሙሌት፣ ወይም ያነሰ ፌሮ። እሱን በሲሚንቶ መለሰን ገንዘብ መበተን ነው፤ ተመልሶ ይከፈታል። መጀመሪያ የጣሪያና የግቢ ውሃ ከገንዳው ዙሪያ እንዲርቅ ይደረግ። ከዚያ ስንጥቁ ኤፖክሲ (ጠንካራ ማጣበቂያ) ይሞላል፣ አስፈላጊም ከሆነ ግራና ቀኙ በብረት ይያያዛል።

ገና ልትሠሩ ከሆነ ለቀለሙና ለቅርጹ ከመጓጓት በፊት አፈሩን አስመርምሩ። የሚንቀሳቀስ አፈር ላይ ኮንክሪት ያለ መሐንዲስ ስሌት አይሞከርም። ፋይበርግላስ በመጠኑ ስለሚተጣጠፍ የተሻለ ይችለዋል፤ ያ ግን ዙሪያው በአግባቡ ከተሞላ ነው።

አልጌው አልለቅ አለ

ክሎሪን እየጨመራችሁም ከተመለሰ ግድግዳውን በእጃችሁ ዳብሱት። ሻካራ ነው? የኮንክሪት ገንዳ ልስን አልጌ የሚሸሸግበት ቀዳዳ አለው። በዚያ ላይ አዲስ ልስን ፒኤቹን (የውሃውን የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ ውሃው ይበልጥ አሲዳማ ነው) ወደ ላይ እየገፋ የክሎሪኑን ጉልበት ይቀንሳል። ፒኤቹን ከ7.2 እስከ 7.8 ባለው መካከል ያዙት፣ ግድግዳውንም በየሳምንቱ ፈትጉት። የውሃው ካልሲየም በሊትር ከ200 እስከ 400 ሚሊግራም ይሁን፤ ካነሰ ውሃው ከልስኑ እየበላ ይበልጥ ያሻክረዋል። አሲድ ስትጨምሩ አሲዱ ወደ ውሃው ይግባ እንጂ ውሃ አሲድ ላይ አይፈስም። ከክሎሪን ጋር ደግሞ በጭራሽ አይቀላቀል፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ይህን ሁሉ የማትወዱ ከሆነ ኮንክሪት ለእናንተ አይደለም። ፋይበርግላስና ላይነር ለስላሳ ናቸው፣ አልጌም ብዙ አይዝባቸውም። የሽቦ ብሩሽ ብቻ አታስጠጉባቸው።

ላይነሩ ተነፋ፣ ቅርፊቱ ተነሳ

መነሻው ብዙ ጊዜ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ባዶ ገንዳ ማለት ጀልባ ማለት ነው፤ ከሥሩ ውሃ ካለ ይነሳል። ኮንክሪትም አይቀርለትም። ስለዚህ «ላጽዳው» ብላችሁ፣ በተለይ በዝናብ ወቅት፣ ገንዳውን አትድፉ። መፍትሄው ሲቆፈር ነው የሚጀምረው፦ ከገንዳው ጎን እስከ ወለሉ ሥር የሚወርድ ቀዳዳ ያለው ቱቦ በጠጠር ውስጥ ይቀበራል፣ ውሃ ሲጠራቀም በትንሽ ፓምፕ ይሳባል። ከሥሩ ውሃ ሳይኖር ላይነሩ ከተጨማደደ ፒኤቹን ለኩ፤ ለረጅም ጊዜ ዝቅ ብሎ ከቆየ ላይነሩ ያብጣል።

የጠርዙ ሴራሚክ ይረግፋል

ብዙ ጊዜ በገንዳውና በዙሪያው ንጣፍ መካከል ያለው ክፍተት በሲሚንቶ ተደፍኖ ነው። ንጣፉ በፀሐይ ሲለጠጥ ጠርዙን ይገፋል። ሲሚንቶውን አውጡና በሚለጠጥ ማሸጊያ ሙሉት።

ፋይበርግላስ ብትመርጡ አንድ ነገር አትርሱ፦ ቅርፊቱ ሳይቆራረጥ፣ እንዳለ በመኪና ተጭኖ፣ በክሬን ነው የሚገባው። ከመክፈላችሁ በፊት መንገዱን፣ በሩንና ከላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ለኩ። ላይነር መጀመሪያ ርካሽ ነው፤ ግን 10 ዓመት ገደማ ሲሞላው ስለሚቀየር ያንን ወጪ ከአሁኑ ደምሩት።