የፍሪሲዮን ፔዳል ወለል ደርሶ ማርሹ እምቢ ካለ

አሮጌዋ ላንድሮቨሬ ደብረ ብርሃን ላይ የቶዮታ ሞተርና ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ገባላት። ሞተሩ ወዲያው ተስማማት። ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን ከካምቢዮው የሚለየው ፍሪሲዮን ግን ፍዳዬን አበላኝ። ፔዳሉ የሚገፋው የላይኛው ፓምፕ ከትንሽ አውቶሞቢል የተነቀለ፣ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው የታችኛው ከካምቢዮው ጋር የመጣ ነበር። ሁለቱም ጤነኛ ናቸው፤ ግን አይመጣጠኑም። ሞተር ቀይራችሁ እንደኔ የምትንገላቱ ካላችሁ፣ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ።

ምልክት፦ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ የኋላ ማርሽ እየጮኸ ነው የሚገባው

መጀመሪያ በዘይቱ መስመር ውስጥ ኤር (አየር) መኖሩን እዩ። ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ አምስት ጊዜ ርገጡት። እየጠነከረ መጥቶ ማርሹ ከገባ፣ ወይ ኤር አለ ወይ የፓምፑ ጎሚኒ (ዘይቱን የሚይዘው ላስቲክ) አልቋል። ለውጥ ከሌለው ግን ኤር እናውጣ እያላችሁ ዘይት አታፍስሱ። እኔ ሦስት ጠርሙስ ጨርሻለሁ። መካኒኩ «ብርዱ ነው» ሲለኝም አምኜው ነበር። የደብረ ብርሃን ውርጭ የቱንም ያህል ቢከፋ ደህናውን የፍሬን ዘይት እዚህ አያደርሰውም።

ነገሩ የሂሳብ ነው። የታችኛውን የሚገፋው ከላይ የተላከው ዘይት ብቻ ነው። የላይኛው ጠባብ ከሆነ የሚልከው ያንሳል። የታችኛው ሰፊ ከሆነ ደግሞ ያው ዘይት ብዙ አይገፋውም። ስለዚህ የላይኛውን የውስጥ ዲያሜትር በራሱ አባዙት። የታችኛውንም እንዲሁ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉና የላይኛው ፒስተን በሚሄደው ርቀት አባዙ፤ የታችኛው የሚሄደው ርቀት ይወጣል።

የኔ የላይኛው 15.87 ሚሊ ሜትር፣ የታችኛው 22.2፣ የፒስተኑ ጉዞ 30 ነበር። ሲሰላ 15.3 ይመጣል። የሰፈር ልጅ ፔዳሉን ሲረግጥልኝ ከስር ተኝቼ ማስመሪያ አስጠጋሁ። የታችኛው ፓምፕ ዘንግ 15 ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ።

ፍሪሲዮኑ ስንት እንደሚፈልግም መለካት አለበት። ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፉ፣ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አንሱና ከስሩ ጠንካራ መቆሚያ አድርጉ። የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ፤ የድሮ ላንድሮቨር የእጅ ፍሬን የሚይዘው ከካምቢዮው ኋላ ያለውን ዘንግ ስለሆነ ልኬቱን ያበላሻል። ሞተር ጠፍቶ ማርሽ ይግባ። አንድ ሰው የፍሪሲዮኑን ሹካ (የታችኛው ፓምፕ ዘንግ የሚገፋውን) በረጅም ብረት ሲገፋ፣ ሌላው ጎማውን በእጁ ይሞክር። ጎማው መዞር የጀመረበት ርቀት ነው የምትፈልጉት። የኔ 17 ሆነ። 2 ሚሊ ሜትር ጎድሎኝ ነው ያን ሁሉ የተንገላታሁት!

ምልክት፦ ማርሹ ይገባል፣ ፔዳሉ ግን እግር ይሰብራል

ይሄ እልኸኛነት ያመጣብኝ ነው። «ትልቅ ይሻላል» ብዬ 19.05 የሆነ የላይኛው ፓምፕ ገጠምኩ። ጉዞው 22 ደረሰ፤ ፔዳሉም 44 በመቶ ያህል ከበደ። ከክብደቱ በላይ የሚያሳስበው ከልክ በላይ መግፋቱ ነው፤ ሸራውን (የሞተሩን ጉልበት ለካምቢዮው የሚያስተላልፈውን ክብ ዲስክ) የሚጫነውን ፕሌት ጣቶች ያጣምማል፣ የታችኛውን ፒስተን ከቤቱ ሊያወጣ ይችላል። መፍትሄው መሃለኛው ሆነ፦ 17.46። 18.6 ይሰጣል። ትንሽ ትርፍ አለው፣ ፔዳሉም ለእግር ይመቻል።

ምልክት፦ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስትወጡ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም

ሸራ ከመቀየራችሁ በፊት፣ እንደተንሸራተተ ቆማችሁ የታችኛውን ፓምፕ የኤር ማውጫ ትንሽ ላላ አድርጉ። ዘይቱ ትኩስ ስለሆነ ፊታችሁን አርቁ። ፊጭ ብሎ ከወጣና ፍሪሲዮኑ ከያዘ፣ ሸራው አልበደለም። የፔዳሉ ዘንግ የላይኛውን ፒስተን ገፍቶ ይዞታል፤ በሙቀት ያበጠው ዘይት ወደ ዘይት ገንቦው መመለሻ አጥቷል። ዘንጉን አሳጥራችሁ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ስጡት። ከላላ በኋላም ከተንሸራተተ፣ ሸራው አልቋል ወይም ዘይት ነክቶታል።

ምልክት፦ ፔዳሉ ቀስ ብሎ ይመለሳል፣ ጎሚኒው አብጧል

የሞተር ዘይት ገብቷል። በፍሬን ዘይት የሚሠራ ጎሚኒ አይችለውም። ማጠብ ብቻ አይበቃም፤ ጎሚኒዎቹንና የላስቲክ ቱቦውን በሙሉ ቀይሩ፣ የብረቱን ቱቦ በአልኮል አጥባችሁ አድርቁ፣ ከዚያ አዲስ የፍሬን ዘይት፣ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ሙሉ።