ገናን ድሬዳዋና ሐረር ላይ በእግር፦ በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከድሬዳዋ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐረር 1,900 ሜትር ትጠጋለች። በታኅሣሥ የድሬ ቀትር ወደ 28 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሐረር ላይ ግን ማታ ጋቢ ይፈለጋል። ስድሳና ሰባን ያለፈ ሰው እዚህ የሚደክመው በርቀቱ ሳይሆን በወጣበት ሰዓትና በመረጠው ዳገት ነው።

ጉዞውን ከቁልቢ ጋር ማጋጨት። ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ክብረ በዓል ነው። በዚያ ሰሞን የአውሮፕላን ትኬቱም፣ የሆቴል አልጋውም፣ ከድሬ ሽቅብ የሚያወጣው የደንገጎ መንገድም ይጨናነቃል። ለስለት ካልሆነ በቀር ከታኅሣሥ 22 በኋላ ግቡ። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ያለው ገና ታኅሣሥ 28 እንደሚውልም ትኬት ስትቆርጡ አትርሱ።

ድሬ ላይ ቁርስ በልቶ፣ ተዝናንቶ፣ ረፍዶ መውጣት። ፀሐይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ትወጣለች፤ መልካሙ የእግር ሰዓት ከ1 እስከ 3 ተኩል ነው። ብዙ ሰው ከባቡር ጣቢያው ተነሥቶ በከዚራ ሰፈር ጥላ ሲዝናና ይቆይና ቀፊራ ገበያ የሚደርሰው ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው። ገልብጡት። በጠዋት በባጃጅ ቀፊራ ውረዱ፤ የመጋላን ሰፈር በብርዱ ጨርሳችሁ የደቻቱን ወንዝ በድልድይ ተሻገሩና ሙቀቱ ሲበረታ የከዚራ ዛፎች ሥር ሁኑ።

ውሃ እስኪጠማ መጠበቅም እዚሁ ላይ ይነሣል። ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት ውሃ እያለቀበት እንኳ ጥም ዘግይቶ ይሰማል፤ ስለዚህ በሰዓት ጠጡ፦ በየ20 ደቂቃው ጥቂት ጉንጭ፣ ለአንድ ሰው በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል። በልብ ወይም በኩላሊት ምክንያት ፈሳሽ የተመጠነለት ሰው የሐኪሙን ልክ ይያዝ። ሽንት የሚያበዛ የግፊት ክኒን የሚወስዱ ደግሞ «መንገድ ላይ ያስቸግረኛል» ብለው ራሳቸው አያቋርጡት። የሚወሰድበትን ሰዓት ማዛወር ይቻል እንደሆነ ከመነሣታቸው በፊት ሐኪም ይጠይቁ።

«ዝናብ የለም፣ ትንኝም የለም» ማለት። ይህ ከባድ ስህተት ነው። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. ዴንጌ፣ በ2011 መጨረሻ ቺኩንጉንያ፣ በ2014 ደግሞ በበጋው ወራት የጀመረ የወባ ወረርሽኝ አይታለች። ምክንያቱ ውሃ የሚጠራቀምባቸው በርሜሎችና ታንከሮች ናቸው፤ ትንኞቹ እዚያው ስለሚፈለፈሉ ዝናብ አይጠብቁም። የዴንጌዋ ትንኝ ደግሞ በጠራራ ቀን ትናከሳለች፤ አጎበር ብቻ አይበቃም። እጅጌ ረጅም ስስ ሸሚዝ፣ ካልሲና የትንኝ መከላከያ ቅባት ያዙ። ትኩሳት ከተነሣ ዴንጌ አለመሆኑ እስኪታወቅ አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ አትውሰዱ፤ መድማትን ያባብሳሉ። ፓራሲታሞል ውሰዱና በዚያው ቀን ተመርመሩ። ለልቡ አስፕሪን የሚወስድ ሰው ይህን ለሚመረምረው ሐኪም መጀመሪያ ይንገር።

ጀጎልን፣ ማለትም በግንብ የታጠረውን የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ከላይ መጀመር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራው ግንብ ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ትንሽ ይመስላል። መኪና ፈረስ መጋላ አደባባይ ያወርዳችኋል፤ ቁልቁሉ ይጋብዛል፤ መኪና ግርግር የሚባለውን የልብስ ሰፊዎች መደዳ እያያችሁ ትወርዳላችሁ፤ ከዚያ ደክሟችሁ ዳገቱ ይቀራል። የጉልበት ሕመም ያለበትን ደግሞ ቁልቁለቱ ራሱ ይጎዳዋል፤ ሲወረድ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ከሚወጣበት ይበልጣል። በባጃጅ ኤረር በር ወርዳችሁ በቀስታ ወደ ፈረስ መጋላ መውጣት ይሻላል። ልብ ወይም ትንፋሽ የሚያስቸግረው ካለ ግን ተቃራኒውን አድርጉ፦ በቀስታ ወርዶ በባጃጅ መመለስ።

የጀጎል ጠባብ መንገዶች ድንጋይ በእግር ብዛት ለስልሷል፤ ውሃ ሲነካው ያንሸራትታል። የቤተ ክርስቲያን ቆዳ ጫማ ሆቴል ይቅር፤ ጥርስ ያለው የጎማ ሶል አድርጉ። ከዘራው ቆማችሁ እጅ ሲንጠለጠል የእጅ አንጓ ላይ የሚደርስ፣ ጫፉ ጎማ የለበሰ ይሁን፤ የሚያዘውም ከታመመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ ነው። ብዙዎች በታመመው በኩል ይዘውት ሸክሙን ያብሱታል።

ፈጣኑን ማስቀደም። አንዱ ቀድሞ ሄዶ ጥላ ሥር አምስት ደቂቃ ያርፋል፤ ሌላው ሲደርስ «በል እንሂድ» ይባላል። ያረፈው ያልደከመው ነው። ቀርፋፋው ይቅደም፣ ዕረፍቱም የሚቆጠረው እሱ ከተቀመጠበት ሰዓት ይሁን። ጎን ለጎን እየሄዳችሁ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆርጡ መናገር ካቃታችሁ ፍጥነቱ በዝቷል።

በጾምና በመድኃኒት መካከል ሳይመክሩ መሄድ። ጾሙ ከኅዳር 15 ጀምሮ ስለሚቆይ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም አስቀድሞ ያማክር። ባዶ ሆድ በእግር መሄድ ስኳርን በድንገት ሊጥል ይችላል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት ከታየ ወዲያው ስኳር ወይም ተምር ይቅመስ። ሌሊቱን መድኃኔዓለም ቆማችሁ ካደራችሁ በገና ጠዋት የእግር ጉዞ አትያዙ። ዶሮ ወጡም ከዚያ ሁሉ ጾም በኋላ በትንሽ በትንሹ ይጀመር።

የጅብ ማብላቱን ለእግር መተው። ፈላና በር አካባቢ ትርኢቱ የሚጀምረው ከመሸ በኋላ፣ 1 ሰዓት ገደማ ነው። ባጃጁን የደርሶ መልስ ዋጋ ሳትወርዱ ተስማምታችሁ አቆዩት፤ ባትሪም ያዙ። አብሉ ተብላችሁ ብትጋበዙ ቆማችሁ እንጂ ተንበርክካችሁ አይሁን፤ በጨለማ አቀበት መሬት ላይ ከጉልበት መነሣት ያስቸግራል።