ከደመወዛችሁ የሚቆረጠውን ግብር በ2 ደቂቃ ራሳችሁ እንዴት ታሰላላችሁ (ብሩ የት እንደሚገባስ?)

ወር ሲያልቅ የባንኩ ቴክስት ሲመጣ ሁላችንም የምናየው የገባውን ብር ነው፣ ስንት እንደተቆረጠ የሚያይ ሰው ጥቂት ነው። እኔም ሒሳብ ክፍል እስክገባ ድረስ አላይም ነበር። ጥቅምት መጨረሻ ላይ እህቴ ፔይስሊፗን (የደመወዝ ዝርዝር ወረቀቷን) ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝና "ግብር ተቀነሰ የተባለው ለኛ አይሠራም እንዴ?" አለችኝ። ሳሰላው ልክ ነበረች፣ መሥሪያ ቤቷ ከሐምሌ ጀምሮ በአሮጌው ቀመር ነው የሚቆርጥባት፣ ኤክሴሉን ማንም አልነካውም! በወር 370 ብር፣ 4 ወር ሲሆን 1,480 ብር። ያው ተነጋግራ በሚቀጥለው ወር አስተካከሉላት፣ ግን ባትጠይቅ ኖሮ ማን ያውቅላት ነበር?

ስለዚህ መጀመሪያ ፔይስሊፕ ያዙ። ካልሰጧችሁ ጠይቁ፣ አታፍሩ፣ የራሳችሁ ብር ነው። ፔይስሊፑ ላይ ሦስት ነገር ለዩ፦ መሠረታዊ ደመወዝ (ቤዚኩ)፣ አበል ምናምን፣ እና ተቀናሾቹ። ኦቨርታይምና ቦነስ ግብር አለባቸው። የትራንስፖርት አበል ግን በመመሪያ እስከተፈቀደው ጣሪያ ድረስ ነፃ ነው፣ እሱን ከደመወዙ ጋር ደምረው ከቆረጡባችሁ ጠይቁ።

ከሐምሌ 2017 ጀምሮ የሚሠራው ሰንጠረዥ (በአዋጅ 1395 የተሻሻለው) ይሄ ነው፦

እስከ 2,000 ብር፦ ግብር የለም
ከ2,001 እስከ 4,000፦ 15%፣ ሲቀነስ 300
ከ4,001 እስከ 7,000፦ 20%፣ ሲቀነስ 500
ከ7,001 እስከ 10,000፦ 25%፣ ሲቀነስ 850
ከ10,001 እስከ 14,000፦ 30%፣ ሲቀነስ 1,350
ከ14,000 በላይ፦ 35%፣ ሲቀነስ 2,050

አሠራሩ ቀላል ነው። ግብር የሚከፈልበትን ደመወዝ በእርከኑ ፐርሰንት አባዙትና "ሲቀነስ" ያልኩትን ቀንሱ፣ አለቀ። የእህቴ 9,500 ነው፦ 9,500 በ25% ሲባዛ 2,375፣ ሲቀነስ 850፣ ግብሯ 1,525። በድሮው ቢሆን 9,500 በ30% ሲባዛ 2,850፣ ሲቀነስ 955፣ 1,895 ይመጣል። 370ዋ የመጣችው ከዚህ ነው።

ከዛ ጡረታ አለ፣ ከናንተ 7%፣ ከአሠሪው 11%። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ጡረታውን መጀመሪያ ቀንሶ በቀረው ላይ ግብር ያሰላል። እንደዛ አይደለም፣ ግብሩ የሚሰላው ጡረታው ሳይነሳ ባለው ደመወዝ ላይ ነው፣ ጡረታው ደግሞ በቤዚኩ ላይ። የእህቴ ጡረታ 665 ነው፣ ስለዚህ እጇ መግባት ያለበት 9,500 ሲቀነስ 1,525 ሲቀነስ 665፣ 7,310 ብር ነው። ከዚህ ካነሰ ዕቁብ፣ ብድር፣ የማኅበር መዋጮ ወይ ሌላ የፈረማችሁበት ነገር አለ ማለት ነው፣ ከሌለ ግን ጥያቄ አላችሁ።

አንድ ደግሞ የሚያናድደኝ ነገር ላንሳ። "ጭማሪ ባልተሰጠኝ፣ ወደላይኛው እርከን ገብቼ ደመወዜ ቀነሰ" የሚል ሰው መሥሪያ ቤት ሁሉ አይጠፋም። በግብር ምክንያት እንደዛ ሊሆን አይችልም። 7,000 የሚያገኝ 900 ብር ግብር ይከፍላል፣ 7,100 ሲሆን 925። መቶ ብር ተጨመረለት፣ 25ቷ ሄደች፣ 75ቷ ቀረችው (ከሷ ላይ ደግሞ ጡረታ 7 ብር)። የላይኛው ፐርሰንት የሚነካው ከእርከኑ በላይ ያለችዋን ብር ብቻ ነው፣ "ሲቀነስ" የምትባለው ቁጥርም የተቀመጠችው ለዚህ ነው።

ፍትሐዊ ነው ወይ ለሚለው እኔ የማየው እንዲህ ነው። በ1994ቱ አዋጅ ከግብር ነፃ የነበረው 150 ብር፣ 35% የሚጀምረው ከ5,000 በላይ ነበር። በ2008ቱ አዋጅ 979 ነፃው 600፣ 35% የሚጀምረው ከ10,900 በላይ ሆነ። አሁን ነፃው 2,000፣ 35% የሚጀምረው ከ14,000 በላይ። ታች ላለው ሰው ጥሩ ነው፣ አልክድም። ላይኛዋን ግን አስተውሏት። በ2008 ዶላር ከ21 እስከ 22 ብር ገደማ ነበር፣ ያኔ 10,900 ብር ማለት ወደ 500 ዶላር ማለት ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና በዓመቱ ዶላር ከ130 ብር አለፈ፣ በዛ ሒሳብ 14,000 ብር 110 ዶላር እንኳን አይሞላም። ፐርሰንቱን ማንም ሳይነካው 35 ፐርሰንት የሚቆረጥበት ሰው በዛ ማለት ነው፣ የቤት ኪራይ ከፍሎ ወር መድረስ የሚያቅተው ሰው ጭምር። ስለዚህ ጭማሪ ሲነገራችሁ ግሮሱን (ያልተቆረጠውን) ሰምታችሁ አትጨፍሩ፣ ቁጭ ብላችሁ ኔቱን (እጃችሁ የሚገባውን) አስሉ።

አሁን ደግሞ ስለ ሁለት ፔሮል (የደመወዝ መዝገብ)። አንዳንድ ቀጣሪ "4,000 ብር እናስመዝግብህና ቀሪውን በእጅ እንስጥህ፣ ላንተም ግብር ይቀንስልሃል" ይላል። ሰው ደስ ይለዋል። እኔም አንድ ቦታ ስሠራ እንደዛ ነበርኩ፣ ስወጣ ነው የገባኝ። የሥራ ስንብት ክፍያ ሲያሰሉልኝ በተመዘገበችው ትንሿ ደመወዝ፣ ልምድ ደብዳቤዬ ላይም እሷው፣ ጡረታዬም የሚሰላው በሷ። ግብር የቀነሰው ለኔ መስሎኝ ነበር፣ የጡረታውን 11% የቆጠበው ግን ቀጣሪው ነው። ቀጣሪያችሁ የቆረጠውን በትክክል ማስገባቱንም ተከታተሉ፣ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ገቢ ማድረግ አለበት። ጡረታውን ደግሞ በጡረታ መለያ ቁጥራችሁ ሄዳችሁ ማጣራት ትችላላችሁ፣ የግል ድርጅት ከሆነ የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና ጋ።

ደመወዝተኛ መደበቂያ የለውም፣ ብሩ ሳይደርሰው ነው የሚቆረጥበት። ነጋዴው ጋ ስንሄድ ግን "በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?" ይለናል፣ እኛም "ያለ" እንላለን 15% ለማትረፍ። ቫት ያለበት ሱቅ ከሆነ 1,150 ብር ስትከፍሉ 150ው ቫት ነው (ጠቅላላውን ለ1.15 አካፍሉ፣ ልዩነቱ ቫቱ ነው)። ቫቱን ከፍላችሁ ደረሰኙን ካልተቀበላችሁ 150ዋ ሻጩ ኪስ ትቀር ይሆናል፣ መንገድም ክሊኒክም አትሆንም። ስትቀበሉ ቀኑን፣ የሻጩን ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) እና የማሽኑን መለያ ቁጥር እዩ፣ "ይህ ደረሰኝ አይደለም" የሚል ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ደግሞ ራሱ ነግሯችኋል 😅

ብሩ የት ይገባል? የፌደራል መንግሥትና የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኛ የደመወዝ ግብር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96 ለፌደራል ነው፣ የክልል ሠራተኛና የግል ድርጅት ሠራተኛ ግብር ደግሞ በአንቀጽ 97 ለክልል። ፌደራሉ ከሚሰበስበው ላይ ለክልሎች ድጎማ ያወጣል፣ የ2018 የፌደራል በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። ግን ትሪሊዮን ሲባል ለሰው አይገባም፣ ልጃችሁ የሚማርበት ትምህርት ቤትና የሰፈሩ ጤና ጣቢያ በጀት ነው የሚገባው።

እሱን ለማየት ወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ብዙ ቦታ የበጀት ማጠቃለያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ የለጠፉት ካለ። የኛ ሰፈር ሰሌዳ ላይ ያገኘሁት ወረቀት የሁለት ዓመት አሮጌ ነበር፣ ዝናብ መቶት ግማሹ አይነበብም፣ ልጅቷን "የዘንድሮው የታለ?" ስላት "ኃላፊው ይምጣ" አለችኝ። እንደዛ ካሏችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፣ የመረጃ ነፃነት አዋጅ 590 አለ፣ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለባቸው፣ ካልሰጧችሁ ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም ይኬዳል። ወረቀቱ ከተገኘ ሁለት መስመር ፈልጉ፣ "ደመወዝ" እና "ሥራ ማስኬጃ"። አብዛኛው ብር ደመወዝ ላይ ሄዶ ለመድኃኒት፣ ለጠመኔና ለውሃ ቧንቧ ጥገና የቀረችው ምን ያህል እንደሆነች ያኔ ታያላችሁ። በስልክ ፎቶ አንሷት፣ በሐምሌ አዲሱ በጀት ሲለጠፍ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ታዩዋታላችሁ።