የላቡቡ አሻንጉሊት በላይቭ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ጥርሱን ቁጠሩ

ቲክቶክ ላይቭ ላይ ሻጩ «ሦስት ብቻ ቀረ!» ብሎ ሲጮህ እጃችሁን ከስልኩ ላይ አንሱ። የሚጮኸው እንዳታስቡ ነው።

የቻይናው አሻንጉሊት ሻጭ ኩባንያ የፖፕ ማርት እውነተኛው ላቡቡ 9 ጥርስ አለው። ፎርጂዱ (ስም እንኳ ወጥቶለታል፣ «ላፉፉ» ይሉታል) ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይሳሳታል። «እስኪ ወደ ካሜራው አስጠጋው» በሉና ቁጠሩ። እንቢ ካለ፣ መልሱን አገኛችሁ። ሳጥኑ ላይ ያለውን ኪውአር ኮድም ስካን አድርጉ። ግን የሚከፈተው ገጽ ራሱ የውሸት ሊሆን ስለሚችል አድራሻውን በደንብ አንብቡ።

ለሕፃን ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከገንዘብም በላይ ነው። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን በኦገስት 2025 የፎርጂዶቹ ክፍሎች ተገንጥለው ሕፃን ሊያንቁ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል።

«ነገ እጥፍ ያወጣል» የሚለውንም ተዉት። በጁን 2025 ፖፕ ማርት ብዙ ዕቃ ገበያ ላይ ሲያወጣ ገዝተው መልሰው የሚሸጡት ሰዎች ዋጋ ቁልቁል ወረደ።

«በዜል (በአሜሪካ ባንኮች የገንዘብ መላኪያ) ላክልኝ፣ ልቀንስልህ» ካለስ? ዝጉት። በዜል የሄደ ገንዘብ አይመለስም ማለት ይቻላል። በራሱ በቲክቶክ በኩል ከፍላችሁ ዕቃው ሲደርስም፣ ሳጥኑን ስትከፍቱ ሳታቋርጡ ቪዲዮ ቅረጹ።